ለጎረቤት ያስተረፍነው መድኃኒት

ታክሲ ውስጥ ሞባይሌ ሲጮህ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ይሰማዋል። አጠገቤ ያለው በክርኑ ነካ ያደርገኛል፣ ከፊት የተቀመጠችው ዞር ብላ ትገላምጠኛለች፣ ረዳቱ ደግሞ «ማዘር፣ ስልክ!» እያለ እጁን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያሳየኛል። ይኼኔ ቦርሳዬን መበርበር እጀምራለሁ። ያረጀሁ ይመስላቸዋል። እርጅና ቢሆንማ ማን በከፋው! ዛሬ የስልክ ጥሪ የማይሰማኝ እኔ፣ ልጄን ያሳደግሁት ስልክ በማንሳት ነው።

የምነግራችሁ ግን የጆሮ በሽታ ታሪክ አይደለም። ነገሩ የጀመረው ከጆሮ በጣም ርቆ፣ ለማውራት ከሚያሳፍር ቦታ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምክር መስጠትም አላውቅበትም፤ ሲመክሩኝ ራሱ እነጫነጫለሁ። የደረሰብኝን ብቻ እንደሆነው እጽፋለሁ። መሳቢያችሁ ውስጥ ከባለፈው ሕመም የተረፈ ክኒን ያስቀመጣችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ያኔ እንደ ዛሬው ሰው ሁሉ በየኪሱ ስልክ አልያዘም። ከውጭ የሚመጣ ጥሪ በሙሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ይገባል፤ እኔ ነኝ ለሚመለከተው የማገናኘው። ደዋዩ «ሄሎ» እንዳለ ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የሒሳብ ሹሙ ሚስት ስትናደድ፣ ሥራ አስኪያጁ ጉንፋን ሲጀምረው፣ አንዱ ዋሽቶ ከሥራ ሊቀር ሲያስብ ከድምፁ እለየዋለሁ። ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸውን ሰዎች በድምፅ ብቻ እንደ ዘመድ አውቃቸው ነበር። ብዙ የምኮራበት ነገር የለኝም፤ በጆሮዬ ግን እኮራ ነበር።

የዚያ ሥራ ክፋቱ ከወንበር አለማስነሳቱ ነው። የሚተካኝ ሰው አልነበረም። አምስት ደቂቃ ከተነሣሁ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይጮሃል። ስለዚህ ውኃ አለመጠጣትና ሽንት መያዝ ለመድኩ። እንደ ትጋት ነበር የምቆጥረው።

የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የቀበሌ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው ከቆሙበት ግቢ። ባለቤቴ ግርማ ለገሃር መለዋወጫ መሸጫ ውስጥ ይሠራል። ልጃችን ሜሮን ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ከግቢው በር ላይ የእትዬ ረህመት ሱቅ ነበር። እትዬ ረህመት በልጅነቷ ከስልጤ መጥታ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ያንን ሱቅ ይዛ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነው። በር ላይ ቆማ «እታገኝዬ!» ስትለኝ ግቢው መጨረሻ ካለው ቤቴ ውስጥ፣ ሬዲዮ ተከፍቶ እንኳ፣ ቁልጭ ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ከሚዛኗ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። የግቢው መድኃኒት ቤት እሱ ነበር። ታሞ ሐኪም ያዘዘለት ሰው ሻል ሲለው የተረፈውን እዚያ ይጨምራል። ሌላው ሲያመው ከዚያው ይወስዳል። መድኃኒቶቹን በስማቸው የሚጠራ የለም፤ የምንጠራቸው ባዳኑት ሰው ነው። ቀይና ጥቁሩ ካፕሱል «የጋሽ ታደሰ ጥርስ» ነው፤ የጎረቤታችንን የጋሽ ታደሰን የጥርስ እብጠት ስላዳነ። ነጩ ትልቁ ክኒን «የሜሮን ጉሮሮ» ይባላል። «እትዬ ረህመት፣ ከጋሽ ታደሰ ጥርስ አለሽ?» ብዬ ብጠይቅ የሚስቅብኝ አልነበረም። «አለ ውዴ፣ ሁለት ሁለት አድርገሽ ዋጪው» ትለኛለች።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ ግቢ ውስጥ የታዘዘለትን መድኃኒት ጨርሶ የሚውጥ ሰው ይታማ ነበር። አንዲት አዲስ ተከራይ ሳል ይዟት ታክማ መጣች። ስትድን እትዬ ረህመት «ተረፈሽ ወይ?» አለቻት። «ጨረስኩት እኮ» አለች ልጅቷ። ስስታም ብለን አማናት፤ «ለሰው የማታስብ» አልናት። ካሟት አንዷ እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ጥሩ ሰው ማለት ሻል ሲለው አቁሞ ለጎረቤት የሚያስተርፍ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ክፉ አልነበረም፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ሕመሙ አንድ ክረምት ላይ ጀመረኝ። ሽንቴን ስሸና ያቃጥለኛል፤ ጨርሼ ስነሣ ደግሞ ገና ያልወጣልኝ ይመስለኛል። የታችኛው ሆዴን ይቆርጠኛል። ለእትዬ ረህመት በጆሮዋ ነገርኳት። «ብርድ ነው የመታሽ፤ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ ይሆናል» አለችና ቆርቆሮውን አወረደችልኝ። ከጋሽ ታደሰ ጥርስ ወሰድኩ። በማግሥቱ ማቃጠሉ ቀነሰ፣ ከዚያም ጭራሽ ተወኝ። የቀረውን መለስኩላት፤ እሷም መርቃኝ ከተተችው።

ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ደግሞ ወሰድኩ፤ ደግሞ ተወኝ፤ ደግሞ ተመለሰ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀይና ጥቁሩ ምንም አላደረገልኝም። «ሰውነትሽ ለመደው ማለት ነው፤ በቃ ቀይሪ» አለችኝና ከሜሮን ጉሮሮ ሰጠችኝ። እሱም መጀመሪያ ሠራ፤ ኋላ ተወ። እንዲህ እንዲህ እያልን የቆርቆሮውን ቀለሞች በሙሉ ቀመስኳቸው ማለት ይቻላል።

ሐኪም ዘንድ ለምን አልሄድሽም ትሉኝ ይሆናል። ወንድ ሐኪም ፊት ቆሜ ስለ ሽንት ላወራ? ደግሞም ግርማ ነበር። አንድ ቀን ከሽንት ቤት ስመለስ ፊቴ ተጨማዶ አየኝና «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም፤ ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት» አለና ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ።

ያሰበውን አወቅሁት። ሰው እንዲህ ያለ ሕመም ከአባላዘር ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ሲያመኝ አልነግረውም፤ እሱም አይጠይቀኝም። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እሱ ወደ ግድግዳው እኔ ወደ በሩ እንዞር ነበር። ሜሮን ገባት መሰለኝ፣ «ማሚ፣ እናንተ ደግሞ ምንድን ነው? ቤቱ ፍሪጅ ሆነ እኮ» ብላን ታውቃለች።

ትኩሳት ሲጨመርበት ግን ቂርቆስ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ ሁላችንም ኮት ደራርበን እንንቀጠቀጣለን። ጣቴን ወጉኝ። «ታይፎይድና ታይፈስ፣ ሁለቱም አለብሽ» አለኝ ሰውየው ቀና ብሎም ሳያየኝ። ከእኔ በፊት የገባውም ሁለቱም ነበረበት፤ ከእኔ በኋላ የገባችውም። ሽንትሽ እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሁለት ዓይነት መድኃኒት አዘዘልኝ። ትኩሳቱ በረድ ሲልልኝ አቆምኩትና ግማሹን ለእትዬ ረህመት ወስጄ ሰጠኋት። ውድ መድኃኒት ስለነበር በጣም ተደሰተች፤ እኔም ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳልቆይ ሥራ ላይ እያለሁ ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ «ሄሎ» ማለት አቃተኝ። ከጎኔ ከጎድኔ ሥር አንዳች ነገር ይወጋኛል። አንዱን ደዋይ ላገናኝ እጄን ስዘረጋ ከወንበሬ ወደቅሁ። ሆስፒታል ያደረሱኝ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኞች ናቸው።

ድንገተኛ ክፍል አልጋ ስላልነበረ ኮሪደር ላይ አስተኙኝ። የሚያልፈው ሁሉ እግሬን ይገጨኛል። አጠገቤ ባሏን የምታስታምም አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ነበረች። መንቀጥቀጤን አይታ የራሷን ጋቢ አወለቀችና አለበሰችኝ፤ እሷ በነጠላ ብቻ ቁጭ ብላ አነጋች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ከሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ ጋቢ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ረጋ ያለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ከዚህ በፊት ምን ምን መድኃኒት ወስደዋል?» ብላ ነው።

«የጋሽ ታደሰን ጥርስ» አልኳት።

ትኩሳት የሚያስቀባጥረኝ መስሏት ወደ ግርማ ዞረች። ግርማ አፍሮ አንገቱን ደፋና የቆርቆሮውን ነገር አስረዳት። አልሳቀችም። ሽንቴን ወስደው ካልቸር እንዲሠራ አዘዘች። ካልቸር ማለት ሽንቱ ውስጥ ያለውን ጀርም ሳህን ላይ አሳድገው፣ በየመድኃኒቱ እየሞከሩ የትኛው እንደሚገድለው የሚያዩበት ምርመራ ነው። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ የሰጡኝ መድኃኒት ትኩሳቱን አልነካውም።

ውጤቱ ሲመጣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሐኪም ወንበር ሲስብ ደህና ነገር እንደማይናገር ያኔ ተማርኩ።

«ወይዘሮ እታገኝ፣ ጀርሙ ከሞከርናቸው መድኃኒቶች አብዛኞቹ አይገድሉትም» አለችኝ።

«ሰውነቴ ስለለመዳቸው ነዋ።»

«የለመደው ሰውነትዎ አይደለም፤ ጀርሙ ነው። ትንሽ ወስደው ሲያቆሙ ደካሞቹ ይሞታሉ፤ እርስዎም ሻል ይልዎታል። የሚተርፉት ግን መድኃኒቱን የቻሉት ናቸው። እነሱ ይራባሉ። ደግሞ እርስዎ ላይ ብቻ አይቀሩም፤ ሽንት ቤት ትጋራላችሁ፣ ቧንቧ ትጋራላችሁ። ወደ ጎረቤትም ወደ ልጅም ይሄዳሉ።»

ትንሽ አሰብኩና «ድምፁን ለይተውታል ማለት ነው» አልኳት።

«እንዴት?»

«እኔ ደዋዩ ገና ሲተነፍስ ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ጀርሙም መድኃኒቱ በር ላይ ሲደርስ ገና ከድምፁ ያውቀውና ይዘጋበታል። አስተዋወቅኳቸው፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያስጠራሁ አስተዋወቅኳቸው።»

ሳቀች። «እኔ ለተማሪዎች እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም» አለች። ቀጥላም «ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የስልክ ኦፕሬተር ነኝ።»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ግርማን አየችው፣ መሬቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን። «የቀረን አንድ መርፌ ነው» አለች። «ሌላ ነበረ፤ አሁን ግን አገር ውስጥ ፈልገን አጣነው። ይኼኛው ጀርሙን ይገድለዋል። ግን አንዳንድ ሰው ላይ ጆሮ ይነካል። እየተከታተልን ነው የምንሰጠው። ቢሆንም የተነካ ጆሮ ተመልሶ አይድንም።»

«አልፈልግም ብልስ?»

«ኢንፌክሽኑ ከኩላሊትዎ ወደ ደምዎ ገብቷል» አለች።

ግርማ እጄን ያዘ። ከዚያ የጋዜጣ ቀን ወዲህ ሲይዘኝ የመጀመሪያው ነበር። «ጆሮ ምን ያደርግልናል፣ አንቺ ብቻ ኑሪልኝ» አለኝ። ከልቡ ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ጠላሁት። ጆሮ ምን እንደሚያደርግልኝ የማያውቅ ሰው ጋር ይህን ሁሉ ዓመት መኖሬ ገረመኝ።

እሺ ብዬ ፈረምኩ። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

በዚያው ቀን በጥየቃ ሰዓት እትዬ ረህመት መጣች። ከዘንቢሏ ውስጥ ሙዝና ለስላሳ አወጣች። ከሥር ደግሞ በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ፈታችው። ቆርቆሮው ነበር። ግቢውን በሙሉ ቤት ለቤት ዞራ፣ ሰው በየመሳቢያው ያስቀመጠውን ሁሉ ለምና ሞልታዋለች፤ ክዳኑ አልገጥም ብሎ በክር ታስሯል። «ሁሉንም አመጣሁልሽ። ዶክተሮቹ የሚሆንሽን ይምረጡልሽ» አለችኝ። ዓይኖቿ በለቅሶ አብጠዋል።

ሐኪሟ ደርሳ ቆርቆሮውን አየች። አልተቆጣችም። በትሕትና «እናቴ፣ ይኼን ከዚህ በኋላ ለማንም አይስጡ» ብላ ለእኔ የነገረችኝን ለእሷም በአጭሩ ነገረቻት። እትዬ ረህመት ቆማ ሰማች። ክዳኑን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እታገኝዬ፣ እኔ ነኝ እንዴ ያሳመምኩሽ?» አለች።

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። አይደለም ማለት እችል ነበር። እውነቱም አይደለም ነበር። እኔ ራሴ ወሰድኩ፣ ራሴ አቆምኩ፣ ራሴ መለስኩ፤ ክሊኒኩ ሳይመረምር አዘዘልኝ፤ የመሥሪያ ቤቱ ወንበር አላስነሣ አለኝ። ግን ፈርቼ ነበር። ጆሮዬን ሊወስዱብኝ ነበር። የምቆጣበት ሰው ፈለግሁ፤ ከፊቴ የቆመችው ደግሞ እሷ ነበረች።

«አዎ» አልኳት።

ቆርቆሮውን መልሳ ጠቀለለችው። «አላህ ይማርሽ፣ እህቴ» ብላኝ ወጣች። ያንን ቀጭን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ አጥርቼ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰምቼው አላውቅም።

መርፌው ተጀመረ። ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ ምግብ ጣፈጠኝ። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማውቃቸውን ድምፆች በልቤ አንድ በአንድ እጠራ ነበር፤ የሒሳብ ሹሙን ሚስት፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ሜሮን ስትስቅ። መኖራቸውን ለማረጋገጥ ነው። አንድ ጠዋት ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ሽቦ ላይ ተደርድረው አየሁ። ምንቃራቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሚንጫጩ መሆናቸውን የማውቀው በዓይኔ ነው። ጆሮዬ ውስጥ ያለው አንድ የማያቋርጥ ጭው የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ሐኪሟን ጠርቼ ስነግራት መርፌውን ወዲያው አስቆመችው። ጀርሙ ሞቶ ነበር፤ ጆሮዬ ግን እዚያው በደረሰበት ቀረ።

ዳንኩ። ሰው ሁሉ እንኳን ማረሽ አለኝ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። ወፍራም ድምፅ ዛሬም እሰማለሁ፤ የግርማን እሰማለሁ። ቀጫጭን ድምፆች ናቸው የሄዱት፤ ወፍ፣ ፉጨት፣ የሕፃን ወሬ፣ የስልክ ጥሪ። ሰው ሲያወራኝ ቃሉ ጫፍ ጫፉ የተቆረጠ ሆኖ ይደርሰኛል። ሥራ ስመለስ ስልኩ ሲጠራ አልሰማ አልኩ፤ መብራቱን አይቼ ሳነሣም ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የሒሳብ ሹሙን ሚስት «ማን ልበል?» አልኳት። ለዓመታት የማውቃትን ሴት! ስሟን ነገረችኝ፤ እሱንም ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ስለነበር አላባረረኝም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት መደበኝ። እዚያ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም፤ ማልቀስ ሲያሰኘኝም ይመች ነበር።

ግርማ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሐኪሟ ይህ ሕመም ሽንት ከመያዝም፣ ውኃ ካለመጠጣትም ይመጣል ብላ አስረድታው ነበር። ይቅር አልኩት። ከእትዬ ረህመት ጋር ግን ነገራችን ተበላሽቶ ቀረ። ቆርቆሮው ከመደርደሪያው ላይ ጠፋ። ሱቋ በር ላይ ሳልፍ አንገቷን ደፍታ ስኳር ትመዝናለች። እኔ ይቅርታ ልጠይቃት እየፈለግሁ፣ ብታወራኝ አልሰማትም፣ አልሰማሽም ብላት ደግሞ ይብስባታል እያልኩ ሰላምታ ብቻ ሰጥቻት አልፋለሁ።

ብዙ ሳይቆይ ግቢያችን ለልማት ይፈርሳል ተባለ። ለእኛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ እሷ ከከተማ ዳር ወንድ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ሆነ። ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጭኖ ልንሄድ ስንል መጥታ ከታች ቆመች። ቀና ብላ የሆነ ነገር ነገረችኝ። ሞተሩ ያጓራል፤ የሷ ድምፅ ደግሞ ከሄዱት ድምፆች አንዱ ነው። አፏን አየሁት፣ አልገባኝም። ውረጂና ስሚያት አላልኩም ለራሴ፤ የሰማሁ መስዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። መኪናው ተነሣ። ምን እንደነቀነቅኩባት ሳላውቅ ዓመታት አለፉ።

ጎተራ ከገባን በኋላ ለደም ግፊት ክትትል ጤና ጣቢያ እመላለስ ነበር። አንድ ቀን የጤና ባለሙያዋ ለተራ ጠባቂዎቹ ስለ አንቲባዮቲክ ታስተምራለች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ፣ ከታዘዘው በፊት አታቋርጡ፣ ለሌላ ሰው አትስጡ ትላለች። የሚሰማት የለም፤ አንዷ ልጇን ታጠባለች፣ ሌላዋ ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች። በመሃል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለካ ሞባይሌ እየጮኸ ነው። አንዲት ልጅ ሳቀችብኝ። ተናደድኩና ተነሥቼ ይህንን ለእናንተ የጻፍኩትን ነገርኳቸው፤ ከጋሽ ታደሰ ጥርስ ጀምሬ። መጀመሪያ ሳቁ። ወፎቹ ጋ ስደርስ ግን የምታጠባዋ እናት ቦርሳዋን ከፍታ ከውስጡ ግማሽ የቀረ ክኒን አውጥታ ለባለሙያዋ አሳየቻት። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይጠሩኛል። ስነግር የጎረቤቴን ስም አልጠራም ነበር።

ባለፈው ክረምት በራችን ተንኳኩቶ ሜሮን ከፈተች። እትዬ ረህመት ነበረች። ጎብጣለች። ጀርባዋ ላይ የልጅ ልጇን ፈቲያን አዝላለች፤ ሕፃኗ በትኩሳት ጉንጯ ቀልቷል፣ ስትተነፍስ ደረቷ ይሠረጉዳል። ስልክ ቁጥሬንና ቤቴን ከዘመድ ጠይቃ ደጋግማ ደውላ፣ አላነሣ ስላት በታክሲ እየተቀባበለች ነው የመጣችው። ትንፋሿ ሲመለስ ሜሮንን ጆሮዬ ሥር አስቁማ ታስደግማት ጀመር። ሜሮን እየሳቀችም እያለቀሰችም አስተረጎመችልኝ።

«ማሚ፣ እንዲህ ነው የምትለው፤ ልጇ ባለፈው ታክሞ የተረፈው ካፕሱል ቤት ውስጥ አለ። ምራቷ ከፈት አድርገን እንስጣት አለች። እትዬ ረህመት ግን በፍጹም አለች። መጀመሪያ እታገኝን ሳልጠይቅ አልሰጥም ብላ ነው የመጣችው።»

ነጠላዬን ለብሼ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ወረድኩ። የሳንባ ምች ነበር። ሽሮፕ አዘዙላትና እስከ መጨረሻው እንድትወስደው ነገሯቸው። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ አፏን ከፈት ከፈት እያደረገች በቀስታ ታወራኝ ጀመር፤ እንዴት እንደምሰማ ማን እንደነገራት አላውቅም።

«ያኔ መኪናው ላይ ሳለሽ ያልኩሽን ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም፤ ዝም ብዬ ነው የነቀነቅሁት።»

«ቆርቆሮውን አስወገድኩት ነበር ያልኩሽ። አሁንም ታዝኚብኛለሽ ወይ ብዬ ነበር የጠየቅሁሽ።»

እና እኔ ነቅንቄላታለሁ! እዚያው አግዳሚ ላይ እጇን ይዤ አለቀስኩ። «አንቺ አይደለሽም ያሳመምሽኝ፤ ያኔ አዎ ያልኩሽ ፈርቼ ነው» አልኳት። ብዙ ጊዜ ደጋገምኩት፤ ለራሴም ስለማይሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር መሰለኝ፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር።

«ታሪኩን እዚህ ትነግሪያለሽ አሉ» አለችኝ። «ስሜን ትጠሪያለሽ?»

«ኧረ ወላሂ አልጠራም!» አልኳት፤ በእሷ መሐላ ማልኩ።

ሳቀች። «ጥሪው። ረህመት ቆርቆሮ ነበራት በይ። ሰው ከሰማ ይስማ።»

ስለፈቀደችልኝ ነው እዚህ በስሟ የጻፍኳት።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ፈቲያን ይዛ ተመልሳ መጣች። ገና ከበር ሳትገባ ከዘንቢሏ የሽሮፑን ጠርሙስ አውጥታ ፊት ለፊቴ ገለበጠችው። ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም። ዕድሜዋን በሙሉ ለሰው ስታስተርፍ የኖረች ሴት ባዶ ጠርሙስ ይዛ እንዲያ ስትኮራ አይቼ አላውቅም።

ፈቲያ ጭኔ ላይ ወጣች። አንገቴን አቅፋ አፏን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ረጅም ነገር አንሾካሾከችልኝ።

«ምን አለችሽ?» አለችኝ እትዬ ረህመት።

አላወቅሁም። አንዲት ቃል አልደረሰኝም። ትንፋሿ ግን ጆሮዬ ላይ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ደረቷ ደረቴ ላይ ነው፣ መሠርጎዱን ትቷል።